ጥላ ቢስ

መኪናዋ አልመጣችም፣
ጅቡቲ ወደብ ላይ ናት፣ ከጉምሩክ አልወጣችም።
አቶ ሙዘይን ግን ለሰኞ ነው ቀጠሯቸው፣
«አዳማ ላይ ቆማ ትታይ» ነው ቃላቸው፤
«ከድሮው ባቡር ጣቢያ፣ ከዚያ ግራር ሥር፣
ያየ ሁሉ ኪሱን ሲዳብስ እንዲያድር።»

እኔና ሌንሳ ሄድን፣ አሥር ሰዓት ላይ፣
ወደ ሞጆ በኩል ስታዘቀዝቅ ፀሐይ።
ካሜራውን ተከልን በሦስት እግሩ፣
ነፋሱ እየገፋው፣ እኛ ይዘነው ከሥሩ።
ብርሃን የሚለቅም የመስታወት ኳስ የለን፣
የእናቷን ጭልፋ ነው ከጓዳ ይዘን የወጣን፤
አስፋልቱ ላይ ደፍተን፣ ጀርባውን ወልውለን፣
የአዳማን ሰማይ በጭልፋ ጨለፍን።

በዚያች ጠባብ ብረት አገሩ ሁሉ ታጭቆ፦
ግራሩ ጎብጦ፣ ባጃጁ ተጣሞ፣
በዳሳ የወንጂ ሸንኮራ ተሸክሞ፣
ከመሀል ደግሞ አንድ ያጎነበሰ ሰው፣
ፊቱ ካሜራ የሆነ። ለካስ እኔን ነው የማየው።

ማታ ከፎቶው ላይ መኪናዋን አኖርኳት፣
ወንበሬን ገፍቼ፣ ራቅ ብዬ አየኋት።
ቀይ ናት። ታምራለች። እንከን አይወጣላት።
ግን መሬት አልነካችም፣ መሬትም አላወቃት፤
ግድግዳ ላይ እንደለጠፉት የከረሜላ ልባስ፣
ልትበር የደረሰች በመጀመሪያው ነፋስ።
ሌንሳ ከኋላዬ አየቻትና ሳቀች፤
«ጥላ ቢስ ነገር ናት» አለች።

እውነቷን ነው። ሰውም ጥላ ሲያጣ ነው የሚቀል፣
የተከበረውን «ጥላው ከባድ ነው» እንደምንል።

ፀሐይ ሠራሁላት፣ በጣት የምትዞር፣
ከግራሩ ጥላ ጋር አቅጣጫዋ እንዲያብር፤
ሰማያዊ አከልኩ ፀሐይ በማያየው ጎን፣
ቢጫ አስነካሁ ጣራዋን፣ መስኮቷን፣ ግንባሯን።
ከጎማው ሥር ግን፣ ጎማና አስፋልት ሲሳሳሙ፣
ጣት በማያስገባ ስንጥቅ፣ የጥቁር ጥቁር ነው ቀለሙ፤
እሱን ስቀባ ነው ክብደቷ የመጣ፣
አንድ ቶን ተኩል ብረት ከባዶ የወጣ።

አሁንም አልሆነም፤ ንጹሕ ናት።
አዳማ ላይ ደግሞ ንጹሕ መኪና ማን ያምናል?
አቧራ ነሰነስኩባት፣ ባለቤቱ ቢያይ ያዝናል።
የጨለፍነውን ሰማይ ጎኗ ላይ ገለበጥኩት፤
ባጃጁ በሯ ላይ ሮጠ፣
በዳሳ ከነሸንኮራው በቀይ ቀለም አጌጠ፣
እኔም ከኋላ በሯ፣ ከእጀታው ዝቅ ብዬ፣ ቁጢጥ።

የሙያው ደንብ ግልጽ ነው፦ ያነሳው ሰው አይታይም፤
ብርሃኑን ያመጣ ከብርሃኑ አይገኝም።
ማጥፊያውን አነሳሁ።
ጫማዬን ፋቅሁ። ጉልበቴን ፋቅሁ።
ወገቤ ላይ ደረስኩ።

መብራት ሄደ።

ያቺ የሠራኋት ፀሐይ፣ ቆቃ ነው ለካ ቤቷ፣
ጠለቀች በእኩለ ሌሊት፣ ሳይደርስ ሰዓቷ።
ሌንሳ ስልኳን አበራች።
ግድግዳው ላይ አንድ ጥቁር ሰውዬ እስከ ኮርኒሱ ተነሣ፣
ትከሻው በር የሚያክል።
«ያንተማ ይከብዳል» አለች።
ይኼን ጊዜ ግን አልሳቀችም።

ሲነጋጋ መብራት መጣ። ፋይሉ ተርፏል፤
እኔም ከወገቤ በላይ በሩ ላይ ተርፌአለሁ፣
እግር የለኝ፣ ጥላ የለኝ።
እጄ ማጥፊያው ላይ ቆየ። ኋላ ተውኩት።
አቶ ሙዘይን አላዩም፤ ዋጋውን ነው ያነበቡት።

ሰኞ በሞጆ መንገድ ተሰቀለች፣ ቤት አክላ።
ማክሰኞ አንድ ሰው ግራሩ ሥር መጥቶ ይፈልጋት ጀመር፤
ዞረ፣ ጎንበስ አለ፣ የዘይት ጠብታ ይመረምር ነበር።
በዳሳ ሸንኮራ እየላጠ፣ ቀና ሳይል፣
«አሁን ነው የተነሣችው» አለው፤
«ዳስሰው እስቲ፤
ጥላዋ ያረፈበት ገና ቀዝቃዛ ነው።»